የገበሬው ፊት



ፐርል በክ ስለ ቻይና ገበሬ የጻፈችውን ልቦለድ ሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ1937 «ዘ ጉድ ኧርዝ» ብሎ ፊልም ሠራበት። ገበሬውን ዋንግ ሉንግን ከነቤተሰቡ ድርቅ ያሰድደዋል፣ አንበጣ ይመጣበታል፤ ነፍሱ ግን መሬቱ ላይ ናት። ገበሬውን ፖል ሙኒ፣ ሚስቱን ኦ-ላንን ሉዊዝ ራይነር ተጫወቱ፤ ሁለቱም ከአውሮፓ የመጡ አይሁዶች ነበሩ። ራይነር ኦስካር ተሸለመችበት። ኦ-ላንን ለመጫወት የጓጓችው ቻይናዊት አሜሪካዊት አና ሜይ ዎንግ ግን ሚናውን ተከለከለች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለ ፊልም ሳይ ነው ልቤ የሚያርፈው። እዚያ የኢትዮጵያ ጭሰኛ በራሱ ፊት፣ በአማርኛ ይናገራል። ከብት ጠባቂዋን ልጅ ጎርፍ ሲወስዳት እናት የምታለቅሰው እንደ አገራችን እናት ነው።

እዚህ በእስራኤል፣ በከተማችን በቂርያት ጋት ያሉ ከኢትዮጵያ የመጡ አባቶችና እናቶች ይህን ኑሮ ያውቁታል። ብዙዎቹ የቤተ እስራኤል ገበሬዎች ርስት አልነበራቸውም፤ የሰው መሬት አርሰው እህሉን ያካፍሉ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ። ጥቂት ዓመታት አልፈው ደግሞ ብዙዎች ያንኑ መሬት ጥለው በሱዳን በኩል በእግራቸው ወጡ።

ልጆች፣ ዛሬ ማታ አያቶቻችሁን ስለ ሞፈር፣ ስለ ቀንበር፣ ስለ ድግር ጠይቋቸው። በሬ እንዴት እንደሚጠመድ በእጃቸው ያሳዩአችሁ።