ዕቃ ስናጥብ የሚፈሰው ገንዘብ

(በእሑድ ስብሰባችን ለእህቶች የተደረገ ንግግር)

«አንድ የምታውቂውን ነገር ንገሪን» ስባል ዕቃ ማጠብ አልኩ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ቤይሩት ከገባሁ ጀምሮ ያጠብኩትን ሰሃን የሚቆጥር ቢኖር እኔም አብሬያችሁ እስቅ ነበር። ማጠቡን ሁላችንም እንችላለን፤ የማዳም እናት መነጽር አድርጋ ብታይ እንኳ እንከን አታገኝብንም። እኔ የማወራው ስለ ወጪው ነው። አንድ ድስትና አሥር ሰሃን ሲታጠብ ስንት ውኃ፣ ስንት ጋዝ፣ ስንት መብራት ይሄዳል? ማዳም ቤት የምትኖሩት ከፋይዋ እሷ ስለሆነች ላያሳስባችሁ ይችላል። በሰዓት እየሠራን ክፍል ተከራይተን ለምንኖረው ግን ከኪሳችን ነው የሚወጣው። ወር ሲሞላ ወደ አገር ቤት የምንልከው የሚያንሰው በኪራይ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ውኃውን እንለካው። ባዶ የ1.5 ሊትር ፕላስቲክ ውሰዱና ቧንቧውን ዕቃ ስታጥቡ በምትከፍቱት ልክ ክፈቱት። በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልካችሁ ቁጠሩ። በ10 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 9 ሊትር እየፈሰሰ ነው። ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ ሳትዘጉ ካጠባችሁ 135 ሊትር ሄደ ማለት ነው። በእኛ ልኬት ላስቀምጠው፦ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሰባት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። እዚህ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን ነን በልጅነታችን አንዱን ጀሪካን አዝለን ዳገት የወጣነው? ያኔ የቤተሰቡ ዕቃ በሙሉ በሳፋ ውኃ ይታጠብ ነበር፤ የጠቆረው ድስት በአመድ ይፈተጋል፣ የማለቅለቂያው ውኃ ጓሮ ላለው ጎመን ይሄዳል። አመዱም ዝም ብሎ የድህነት ነገር አልነበረም። እርጥብ አመድ ከቅባት ጋር ሲታሽ እንደ ሳሙና ይሆናል፤ እናቶቻችን አውቀው ነው።

ቤይሩትም ውኃ ሞልቶ የተረፋት ከተማ አይደለችም። በበጋ የመንግሥቱ ውኃ ሲጠፋ በቦቴ ተገዝቶ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ይሞላል፣ ያም ለተከራይ ይካፈላል። በብዙ ሰፈር የጉድጓዱ ውኃ ባሕር ስለሚገባበት ጨው ጨው ይላል፣ በእሱ ሳሙና በደንብ አያረፋም። አረፋ አልመጣ ሲል ሳሙና ይጨመራል፣ ሳሙናው ሲበዛ ደግሞ ለማጥራት ሌላ ውኃ። የሳሙና ሰሪው ሰውዬ ብቻ ነው የሚጠቀመው።

ከውኃው የሚብሰው ግን ሙቀቱ ነው። ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ቃዛኑን፣ መታጠቢያ ቤት ያለውን የውኃ ማሞቂያ፣ አስቡት። 50 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ያ የቆጣሪው ቁጥር ነው፤ ሁለት ከሦስት አሥረኛ ይዞራል። አሁን ደግሞ 2 ሊትር ውኃ ብቻ አፍሉ። ውኃው ራሱ የሚወስደው ሙቀት 0.2 እንኳ አይሞላም። የፈላውን በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አብርዱት። 6 ሊትር፣ ወደ 46 ዲግሪ የሚሞቅ ውኃ አገኛችሁ፤ ጓንት ያደረገ እጅ የሚችለው፣ ቅባት የሚያለቅቅ። የአራት ሰው እራት ዕቃ በዚህ ይታጠባል። ከቃዛኑ ጋር ሲተያይ ከአሥር አንዱን እንኳ አይፈጅም። ለገላችሁ ቃዛኑን አሙቃችሁት የተረፈ ካለ ተጠቀሙበት። ለዕቃ ብላችሁ ግን አታብሩት። ደግሞ ቃዛኑ ካለበት እስከ ወጥ ቤት ያለው ቧንቧ ረጅም ነው፤ ሙቁ እስኪመጣ ቀዝቃዛው ይፈሳል፣ ስትዘጉት ሙቁ ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ ይበርዳል። ያን መጀመሪያ የሚመጣውን በባልዲ ያዙት፣ ለወለል ይሆናል።

«የኤሌክትሪክ ማፍያ አለኝ» የምትሉ፣ ከሥሩ የተጻፈውን ዋት አንብቡ። ብዙውን ጊዜ 2000 ገደማ ነው። የሞተር መብራት 5 አምፔር ከሆነ ደግሞ በ220 ቮልት 1100 ዋት ብቻ ነው የሚችለው። ማፍያውን ስትሰኩት ጠቅ ይልና ቤቱ ይጨልማል፣ ከዚያ በጨለማ ደረጃ ወርዶ ማንሳት ነው። ስለዚህ ወይ የመንግሥት መብራት ሲመጣ አፍልታችሁ ቴርሞስ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይ በጋዝ ማፍላት። በጋዝ ሲሆን ክዳን ግጠሙበት፣ እሳቱም ከድስቱ ሥር አይውጣ፤ በጎን የሚወጣው ነበልባል ግድግዳ ነው የሚያሞቀው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያጣራ ይቆጥባል። መጀመሪያ አከፋፈላችሁን እወቁ። ሞተሩ ቆጣሪ ካለው ያልበላችሁትን አትከፍሉም። ባለቤቱ በአምፔር ቁርጥ ዋጋ የሚያስከፍላችሁ ከሆነ ግን መብራት አጥፍታችሁ በጨለማ ብትቀመጡም ሂሳቡ ያው ነው። የዚያን ጊዜ የምታተርፉት ከጋዙ፣ ከቦቴው ውኃና ከሳሙናው ነው። ቆጣሪ ካለ ደግሞ ቁጥሩን በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሰው አትጠራጠሩ አልልም።

አሁን ወደ አጠባቡ። ዋናው ሥራ ያለው ውኃ ከመነካቱ በፊት ነው። ትርፍራፊውን አራግፉ፣ የዘይቱን መጥበሻ በተጠቀማችሁበት ሶፍት ጥረጉ። ታሂኒ የነካው ሳህን ሳይጠረግ ሳፋ ውስጥ ከገባ ውኃውን በሙሉ አበላሸው፣ እንደገና ማሙቅ ነው። ዘይት ሲንኩ ውስጥ አትድፉ፤ ቧንቧው ሲደፈን ለሠሪው የሚከፈለው የወር ጋዝ ነው። የደረቀውን አትታገሉት፣ ዘፍዝፉት። ሽሮ፣ ሩዝ፣ የእንጀራ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ወተት የያዘ ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚዘፈዘፈው። ሙቅ ውኃ ሊጡን ሙጫ ያደርገዋል፣ እንቁላሉን ያበስለዋል። ሙቁ ለቅባት ነው። ብላችሁ እንደተነሳችሁ ትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ ጣል ካደረጋችሁበት ከቡና በኋላ ስትመለሱ ራሱ ለቆ ይጠብቃችኋል።

ሁለት ሳፋ ይበቃል። አንዱ ሙቅና ሳሙና፣ ሌላው ቀዝቃዛ። ሳሙናውን ስፖንጁ ላይ አትጭመቁት፤ አንድ ማንኪያ ሳፋው ውስጥ በጥብጡ። መጀመሪያ ብርጭቆና ሲኒ፣ ከዚያ ማንኪያ፣ ከዚያ ሰሃን፣ በመጨረሻ ድስትና መጥበሻ። ውኃው የሚቆሽሸው በመጨረሻ ይሁን ነው። የማለቅለቂያው ውኃ ሲደፈርስ አትድፉት፣ የነገውን ድስት ይዘፈዝፋል ወይም ሽንት ቤት ይለቀቅበታል። ስፖንጁን ጨምቃችሁ አድርቁት፤ እርጥብ ከዋለ ይሸታል፣ የሸተተ ስፖንጅ ደግሞ የሚያጥብ ሳይሆን የሚቀባ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ሰሃን ይነጣል ብላችሁ በረኪና ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፣ ማዳም ብታዝዝም። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ መስኮት በሌለው ወጥ ቤት ውስጥ ይገድላል። ቢቀላቀልባችሁ ጥላችሁ ውጡ።

ማዳም ቤት ላላችሁት ነገሩ ሌላ ነው። በሚፈስ ውኃ ካልታጠበ አልጸዳም የሚሉ ቤቶች አሉ፤ ሳፋ ካዩ ሰነፈች ይላሉ። አትከራከሩ። በሳፋ አጥባችሁ በመጨረሻ ቧንቧውን እንደ ክር አቅጥናችሁ ፊቷ አለቅልቁት። ማሽን ያለበት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሽኑ የድስት መደርደሪያ ሆኖ ይገኛል፣ «እሷ እያለች ለምን ጀሊ በማሽን» ተብሎ። አሁን ያሉት ማሽኖች ሞልተው ኢኮ በሚለው ሲሠሩ ከ10 እስከ 15 ሊትር ገደማ ነው የሚወስዱት። ኢኮ ሰዓቱ ይረዝማል እንጂ ውኃውን ብዙ ስለማያሞቅ መብራት የሚበላው ያንሳል። ዕቃውን ቀድሞ ማጠብ አያስፈልግም፣ ማራገፍ ብቻ። ይህን ለማዳም በሂሳብ ንገሯት፤ የወገቤን ነገር ብትሰማ ኖሮ ዱሮ ትሰማ ነበር፣ ሂሳብ ግን ትሰማለች። ማሽኑም ግን በ5 አምፔር አይነሳም፣ የመንግሥት መብራት ይጠብቃል።

ቁጠባ ማለት ደግሞ በጥር ተራራ ላይ ባለ ቤት በበረዶ ውኃ ማጠብ ማለት አይደለም። «ሙቅ ውኃ ለዕቃ አይነካም» የምትል ቤት ካለች፣ 2 ሊትር ማፍላት የምታወጣውን ነገርኳችሁ፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ጠይቋት። እጃችን ከተሰነጠቀ የምንሠራበት ሌላ እጅ የለንም።

እኛ ክፍል አራት ነን። በፈረንጆቹ 2021 በጋ ነዳጅ ጠፍቶ የመንግሥት መብራት በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ሲመጣ፣ ሊራውም በየቀኑ ሲወርድ፣ የተጣላነው በገንዘብ እንዳይመስላችሁ፤ በሙቅ ውኃ ነበር። አንዷ ለራሷ ሰሃን አንድ ድስት ታፈላለች፣ ከሰዓት በኋላ ሌላዋ እንደገና። ጋዙ ወር ሳይሞላው ያልቅና ማን ጨረሰው ይሆናል። ከዚያ የወሰንነው ቀላል ነገር ነው፦ ዕቃ በቀን አንዴ ማታ ይታጠባል፣ በተራ፣ በአንድ ማፍያ ውኃ። ቀን የበላች ሰሃኗን አራግፋ ቀዝቃዛው ሳፋ ውስጥ ታስቀምጣለች። አሁን ጋዙ ወሩን ተሻግሮ ሳምንት ይጨምራል። የተረፈውን ጣሳ ውስጥ እናኖራለን፤ መጀመሪያ ያወጣነው ለአንዷ ልጅ ደብተርና ቦርሳ ነበር። ተረኛዋ ብትደክም ማን ይተካል የሚለው ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፣ እሱን ራሳችሁ ክፍል ስትጀምሩት ታዩታላችሁ።

ለሚቀጥለው እሑድ የቧንቧችሁን ሰከንድ ለክታችሁ ኑ፣ የማንኛችን እንደሚብስ እናያለን። አሁን ቡናው ደርሷል። ሲኒዎቹ ሲያልቁ ሁለቱ ሳፋ እዚያ ጥግ አሉ፣ ውኃው ቴርሞስ ውስጥ ነው። ቧንቧውን የከፈተች ተረኛ እሷ ናት።