ስለ አምባዛ ዓሣ ጠባይና ዘሩን ስለ መጠበቅ



ከሆሳዕናና ከከምባታ ደጋ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውኃ ወደ ቢላቴ ወንዝ ይገባል፤ ቢላቴም ወደ አባያ ሐይቅ ይፈስሳል። በዚህ ውኃ የሚኖረው አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በአፉ ዙሪያ ጢም የሚመስሉ 8 ክሮች አሉት፤ ሌሊት ምግቡን የሚፈልገው በእነርሱ እየዳሰሰ ነው። እንደ ሌላው ዓሣ በስንጥቡ ከመተንፈሱም በላይ አየር የሚስብበት ብልት ስላለው፥ ውኃው ሲጎድል በጭቃ ውስጥ ይቆያል።

ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ እናቲቱ ውኃ ወደ ሸፈነው ሣር ወጥታ እንቁላልዋን ትጥላለች፤ ጫጩቶቹም በ1 ወይም በ2 ቀን ይፈለፈላሉ። ያን ጊዜ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ስላልሆነች በጦር መውጋት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከአንዲት እናት ጋራ ብዙ ሺህ ልጆች ይጠፋሉ። በብርብራ ፍሬ ውኃን መመረዝም ትልቁንና ትንሹን አንድ ላይ ይፈጃል።

ስለዚህ ሽማግሌዎች በክረምት ሣሩን ያስጠብቁ፤ መምህራንም ምክንያቱን ለልጆች ያስረዱ። ዘሩ የተጠበቀለት ዓሣ በበጋ ለድኻው ማዕድ ይደርሳልና።