ጠጣር ቅርጽን እየቆረጡ ስለ ማስተማር



ነገ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የምንቆመው እኛ ነን። ታዲያ ተማሪው ያላየውን ቅርጽ በቃሉ እንዲሸመድድ ልናስገድደው ነውን? በጠመኔ የተሳለ ኩብ ውስጡ አይታይም። ስለዚህ ድንችና ቢላዋ ይዘን እንግባ እንላለን።

በመጀመሪያ ከድንቹ ኩብ እንቅረጽ። ቢላዋው ከአንዱ ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ቢያልፍ ካሬ ይወጣል፤ አንዱን ጥግ ቢቀነጥስ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሁለት ተቃራኒ ጥጎችን መርጠን፥ እነርሱን የማይነኩትን ስድስት ጠርዞች እኩሌታቸው ላይ ምልክት አድርገን በምልክቶቹ ብንቆርጥ፥ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ እናገኛለን። የተቆረጠውን ገጽ በቀለም ነክሮ በወረቀት ላይ ማተም ነው።

ባለ ሰባት ጎንስ? ተማሪው ደጋግሞ ይሞክር፤ አያገኝም። ኩብ ያለው ስድስት ገጽ ብቻ ነው፤ ቢላዋውም በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከአንድ መስመር በላይ አይተውም። ይህን ምክንያት ልጁ በገዛ አፉ ሲናገር፥ ማረጋገጫ ማለት ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል።

መሣሪያ የለንም ማለት እዚህ ላይ አያዋጣም፤ ድንች በየገበያው አለ። ብቻ ከመቁረጡ በፊት እንዲገምት ጊዜ እንስጠው፤ መልሱን ቀድመን አንንገረው።