9ኛ ክፍል የገቡ ሴት ልጆቻችን



እዚህ ገፈርሳ ብዙዎቹ ልጆቻችን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ። 9ኛ ሲገቡ ግን፣ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንደደነገገው፣ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ሰንፋ ሳይሆን ጥያቄው ሳይገባት የምትወድቅ ልጅ አለች፤ «ትምህርት አልሆነላትም» ተብላ ቤት ትቀራለች።

እንግሊዝኛ ባናውቅም የምናደርገው አናጣም። ማታ አንድ ሰዓት ከውኃና ከምጣድ እናሳርፋት። አጭር ታሪክ ጮክ ብላ ታንብብ፤ ከዚያ በቋንቋችን ትተርክልን። ያልገባትን መተረክ አትችልምና ወዲያው እናውቃለን። የአምቦ አካባቢው ተወላጅ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የሼክስፒርን ሐምሌትና ኦቴሎ በአማርኛ አድርሰውናል።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ከደብተሩ ጋር ቀላል የታሪክ መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት ጨምሩልን።