ማን የማንን አስያዘ?



በጥንታዊው የህንድ ታሪክ በማሃባራታ፣ ንጉሥ ዩዲሽቲራ በቁማር ሀብቱን፣ 4ቱን ወንድሞቹንና ራሱን ተበላ። በመጨረሻ ሚስቱን ድራውፓዲን አስይዞ እሷንም ተበላ። ድራውፓዲ ግን፣ ራሱን አስቀድሞ ተበልቶ ከሆነ እኔን በምን መብቱ አስያዘኝ ስትል ጠየቀች። ሽማግሌው ቢሽማ እንኳ ቁርጥ ያለ መልስ አጡላት።

ይህ የሒሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሒሳብ ተምሬም፣ ባለቤቴን አምኜ ሳላነብ ፈረምኩ። ዕዳ መሆኑን ያወቅሁት አበዳሪው በራችንን ሲያንኳኳ ነው።

እህቶቼ፣ በክልላችን በባልና ሚስት የመሬት ደብተር ላይ የሁለቱም ፎቶግራፍ አለ። እንግዲህ የብድር ወረቀት ሲቀርብላችሁ፣ «የተያዘው ምንድን ነው? የማን ነው?» በሉ። መልሱን ሳትሰሙ እንዳትፈርሙ።