አሮን የሚሆን ማን ነው?

(በአሪቻ ለምእመናን፣ ለወጣቶችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው እንደ ልማዳችን ስለ ምንጭ ማጎልበት ወይም ስለ ችግኝ አይደለም። በመካከላችን እየኖሩ ድምፃቸው ስለማይሰማ ልጆች፣ እነርሱንም ለመርዳት ስለሚያስፈልገው ሙያ ነው። ወጣቶች በተለይ እንድታደምጡኝ እለምናችኋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ትምህርታችሁን ስትጨርሱ ምን እንደምትሠሩ እያሰባችሁ ነውና።

አስቀድሜ በደሌን ልንገራችሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት በወጣሁበት ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከልጆቹ አንዱ ዐሥር ዓመት ያህል የሆነው፣ ጥቅስ ከሁሉ ቀድሞ የሚይዝ ልጅ ነው። ሲናገር ግን ይንተባተባል። እኔም «አይዞህ፣ በእምነት ተናገር፣ ቶሎ በል» እያልሁ በጉባኤው ፊት አቆምሁት። የመጀመሪያው ቃል አልወጣ አለ። ልጆች ሳቁ። የረዳሁት መስሎኝ የቀረውን ራሴ ጨረስሁለት። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ቆየት ብሎም ከቀለም ትምህርቱ እንደ ቀረ ሰማሁ። ቤታቸው ስሄድ እናቱ፣ «ወንጌላዊ፣ ልጄ እኮ ከብት ሲጠብቅ ብቻውን ሲዘምር አንድም ቃል አያደናቅፈው» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል።

በዘጸአት ምዕራፍ 4 ሙሴ አፉ የማይፈታለት ሰው መሆኑን ለእግዚአብሔር እንዳመለከተ ታስታውሳላችሁ። እግዚአብሔር ሙሴን ከጥሪው አላወጣውም፤ አሮንን አጠገቡ አቆመለት እንጂ። በማርቆስ ምዕራፍ 7 ደግሞ ጌታችን መስማትና አጥርቶ መናገር የማይችለውን ሰው ሲፈውስ በመጀመሪያ ከሕዝቡ ለይቶ ወደ ብቻው ወሰደው። ጆሮውን ዳሰሰ፣ ምላሱንም ዳሰሰ። እኔ ልጁን በሕዝብ ፊት አቆምሁት፤ ጌታ ግን ሰውየውን ከሕዝብ ፊት አነሣው። አንድ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረውም እንዲሁ ነው። በጸጥታ ስፍራ ተቀምጦ ችግሩ ከጆሮ ነው ወይስ ከአፍ፣ ከቋንቋ ነው ወይስ ከፍርሃት ብሎ ይመረምራል።

መናገር ያቃተው ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና እስቲ በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ያልሰማ ልጅ ነው። ያልሰማውን ቃል ማንም ሊናገር አይችልም። ጆሮው መግል እያፈሰሰ የሚቆይ ወይም ከማጅራት ገትር በሽታ የተረፈ ልጅ መስማቱ ሊቀንስ ይችላል። መምህሩ «ሰነፍ ነው» ይላል፤ ልጁ ግን የሰማው ግማሹን ብቻ ነው። ከጀርባው ቆማችሁ በዝግታ ስሙን ጥሩት። ካልዞረ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በክፍልም ከፊት ይቀመጥ። ፈጽሞ ለማይሰማ ልጅ ደግሞ የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሆሳዕና ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍታለች። «ዲዳ» የምንለውን ቃል ትተን፣ በስሙ እንጥራው።

ሁለተኛው ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ነው። ይህ እርግማን አይደለም፤ የእናት ኃጢአትም አይደለም። በፅንስ ጊዜ የፊት ክፍሎች ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚመጣ ነው። ከንፈር ከተወለደ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ላንቃም አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው በቀዶ ሕክምና ሊጠገን ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል ለዚህ ሕክምና የታወቀ ነው። ነገር ግን ላንቃው ከተሰፋ በኋላም ልጁ አየሩን በአፍንጫው የማውጣት ልማዱን ላይተው ይችላል። ፓ፣ ባ፣ ታ የሚሉትን ድምፆች በአፉ እንዲያወጣ የሚያለማምደው ሰው ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ስፌቱን ይጨርሳል፤ ንግግሩን የሚጨርሰው የንግግር ሕክምና ነው።

ሦስተኛው የሚንተባተብ ልጅ ነው። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ብዙ ልጆች ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹም በራሳቸው ይተዉታል። የሚቀጥልባቸው ግን አሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ወንዶች ናቸው። የሚያመጣው ድንጋጤ ወይም የእናት ስንፍና አይደለም፤ በዘር የሚወርድ ዝንባሌ አለበት። «ቀስ በል»፣ «ትንፋሽ ውሰድ» ማለት አይጠቅመውም። ቃሉን አትጨርሱለት። ፊቱን እያያችሁ ጠብቁት፣ እናንተም በእርጋታ ተናገሩ። ሲዘምር ወይም ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነብ አብዛኛውን ጊዜ አይንተባተብም። እናቱ የነገሩኝ እውነት ነበር፤ እኔ አላወቅሁም ነበር።

አራተኛው ቋንቋው የዘገየ ልጅ ነው። ልጅ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው የመጀመሪያ ቃሉን፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃል አጣምሮ ይናገራል። በእርግጥ የአንድ ዛፍ ቡና ሁሉ በአንድ ቀን አይቀላም፤ ልጆችም እንዲሁ ይቀዳደማሉ። ሁለት ዓመት አልፎት ጥቂት ቃል እንኳ የሌለው ልጅ ግን «ጊዜው ሲደርስ ይናገራል» ተብሎ ዝም ሊባል አይገባም። እንጥል መቁረጥም ንግግርን አይፈታም፤ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቁስል ይዳርገዋል እንጂ።

ከእነዚህ ልጆች መካከል ኦቲዝም ያለባቸው ይገኛሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ስለ ነበረበት እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ጆይ የተባለውን ማዕከል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። በፊደላችን ቅደም ተከተል ድምፅ የማለማመጃ ዘዴም አዘጋጅተው «አቡጊዳ ፎነቲክስ» አሉት። ዛሬ እርሳቸው በሕይወት የሉም። አንዲት እናት ሁላችንም ከልጅነት በምናውቀው ሀሁ ለልጆች አንደበት መንገድ መፈለጓን ግን አንርሳ።

አሁን ደግሞ በተለይ ለእኛ ለጌዴኦ ሰዎች የሚሆን ነገር ልጨምር። አማርኛ ሲናገር የሚሳሳት ልጅ ሁሉ የንግግር ችግር አለበት ማለት አይደለም። ጌዴኡፋ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እነርሱም አጭርና ረጅም ሆነው የቃልን ትርጉም ይለያሉ። አማርኛ ግን ሰባት አናባቢዎች አሉት። የጌዴኦ ልጅ ግዕዙንና ራብዑን ቢያደባልቅ ጆሮው በእናቱ ቋንቋ ስለ ተቃኘ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ስለ አንዲት ፊደል አነጋገር ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ እንደ ተገደሉ ተጽፎአል። እኛም ልጆችን በድምፃቸው ለይተን ከክፍል አናስወጣ። ሁለት ቋንቋ መማርም ልጅን አያንተባትብም። ልጁ በጌዴኡፋ በደንብ የሚናገር ከሆነ ሐኪም ሳይሆን ታጋሽ የአማርኛ መምህር ነው የሚያሻው። በሁለቱም ቋንቋ የሚቸገር ከሆነ ያን ጊዜ ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህን ሊለይ የሚችለው ጌዴኡፋ የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሩቅ እስኪመጣልን መጠበቅ አይበቃም፤ ከእናንተ መካከል ሊነሣ ይገባል።

ወጣቶች ሆይ፣ በሩ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛው የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ መሆን ነው። ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ተመራቂዎች ወጥተዋል፤ ከአገራችን ልጆች ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛው የልዩ ፍላጎት መምህርነት ነው። መንግሥት የአካቶ ትምህርትን ስልት አውጥቷል፤ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶችም የድጋፍ መስጫ ማዕከል ተከፍቷል። በማዕከሉ የሚሠራ የሠለጠነ ሰው ከሌለ ግን ክፍሉ የመጋዘን ያህል ነው። ሦስተኛው የምልክት ቋንቋ መምህርነትና አስተርጓሚነት ነው። አራተኛው ቋንቋችንን ማሳደግ፣ ማለትም የመማሪያ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላትና የልጆች ንባብ ማዘጋጀት ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ጌዴኡፋ አንዱ ነበረ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ በታችኛው ክፍል ልጆቻችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ። የልጅ ንግግር በየዕድሜው ምን እንደሚመስል በጌዴኡፋ ያልተመዘገበ ከሆነ፣ የዘገየውን ካልዘገየው በምን እንለያለን?

ደመወዙ እንደ ቡና ነጋዴ አይደለም። ፍሬውም ቶሎ አይታይም፤ አንድ ድምፅ ለማስተካከል ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቢሆንም ልጁ የራሱን ስም አጥርቶ የሚጠራበት ቀን ይመጣል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ «ስንት ልጅ አላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «የማይሰማ፣ የማይናገር አለን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በጓዳ የተደበቀ ልጅ አለና። ሽማግሌዎች፣ ከማኅበረ ምእመናኑ አንድ ወጣት ለዚህ ትምህርት ስትልኩ በጸሎትና በገንዘብ ደግፉት። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ጥቅስ ሲባል ልጆቹ በአንድነት ይበሉ፤ የሚንተባተበውን ለብቻው አታስቁሙት፣ እጁን ሲያነሣ ግን አትለፉት።

ስለዚያ ልጅ ልጨርስ። ካወቅሁ በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዛሬ ጎልማሳ ነው። በመዘምራን መካከል ይዘምራል፤ ድምፁም ያማረ ነው። ወደ ክፍል ግን አልተመለሰም። ያለፉት ዓመታት አይመለሱለትም። በዚህ ሰዓት በአሪቻ ተራሮች ላይ ከብት የሚጠብቅ፣ ብቻውን ሲሆን ብቻ የሚዘምር ሌላ ልጅ አለ። ለእርሱ ጊዜው አላለፈም። አሮን ሆኖ አጠገቡ የሚቆም ማን ነው?

እግዚአብሔር ልባችሁን ያነሣሣ። አሜን።