መጋዘን ከመግባቱ በፊት፦ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ስለመጫን

(በተመራቂዎች መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ቴክኖሎጂ ትንሽ ተናገር» ሲሉኝ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንድናገር የሚጠብቅ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ይዤ የመጣሁት ግን አነስ ያለ ጉዳይ ነው፤ በየትምህርት ክፍሉ ጥግ አቧራ ለብሰው ስለተደረደሩት ኮምፒውተሮች።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም በአብዛኛው 8ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጣው መሆን አለበት። ከዚያ በፊት የተገዛው ማሽን ምንም ሳይጎድለው «ያረጀ» ተባለ ማለት ነው። ታዲያ ወይ መጋዘን ይገባል፣ ወይ ክራክ በተደረገ ዊንዶውስ እያነከሰ ይቀጥላል። ሌላ መንገድ አለ ለማለት ነው የመጣሁት።

ሊኑክስን በፈረንጆች 1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ተማሪ! እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ማንሳት ደስ ይለኛል። በ2004 ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ኡቡንቱን ሲያወጣ ደግሞ ሲዲው ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይላክ ነበር፤ እስከ 2011 ድረስ። ከመካከላችሁ ያ ሲዲ የደረሰው ሳይኖር አይቀርም። የእኛ «ነፃ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይይዝልናል፤ ዋጋ የለውም፣ ደግሞም ማንም ከፍቶ ሊያየው፣ ሊለውጠው፣ ለሌላው ሊያካፍለው ይችላል።

ዛሬ ለጀማሪ የምመክረው ሊኑክስ ሚንትን ነው። በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ ነው፤ መልኩም ዊንዶውስ ለለመደ ዓይን አይከብድም። 22 የሚባለው እትም እስከ 2029 ማሻሻያ ያገኛል። ራማችሁ 4 ጊጋባይት ከሆነ «ኤክስኤፍሲኢ» የተባለውን ቀላሉን ዓይነት ውሰዱ፤ 8 ከሆነ «ሲናመን» ይሻላችኋል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ብራውዘር ላይ 20 ገጽ ከፍቶ በ4 ጊጋባይት ራም እንደ ልብ የሚሮጥ ሲስተም የለም። ትንሽ ገንዘብ ካለ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩት፤ ለውጡ ከሁሉም በላይ የሚሰማችሁ እሱ ነው።

ሰው የሚፈራው መጫኑን ነው። መጫኑ እኮ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይደርስ የሚያልቅ ሥራ ነው። መፈራት ያለበት ከመጫኑ በፊት ያለው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የሰጠው በፈረንጆች 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በእኛ አገር ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ቃለ ጉባኤውም ሞጁሉም የተጻፈው በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች ብልሃታቸው ይህ ነበር፤ የላቲን ፊደል መቀመጫ በሆነው ቁጥር ላይ የ«ለ»ን ወይም የ«መ»ን ሥዕል ያስቀምጣሉ። ፎንቱ ባለበት ማሽን ጽሑፉ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ፎንቱ በሌለበት ግን ያው ፋይል የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። አሮጌው ማሽን ፎርማት ሲደረግ ፎንቱም አብሮ ይሄዳል። ፋይሉ በፍላሽ ተርፎ እንኳ የሚያነበው ማሽን ይጠፋል። የአንድ ትምህርት ክፍል የሃያ ዓመት ሥራ በዚህ ዓይነት ሊጠፋ ይችላል፤ ማንም ሳይሰርቅ፣ ምንም ሳይቃጠል።

ስለዚህ ዲስኩን ከመንካታችሁ በፊት ሰነዶቹን ሁለት ቦታ ገልብጡ። ከዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ፎልደርም ሙሉውን ቅዱ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች እዚያው አሮጌው ማሽን ላይ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡ፤ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር ስለሚታሸግ የትም ይነበባል። የፒዲኤፉን አንዱን ሌላ ማሽን ላይ ወይም ስልክ ላይ ከፍታችሁ ሞክሩት። ሊኑክስ ከገባ በኋላ የቀዳችሁትን ፎንት ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ «ኢንስቶል» ስትሉ ሊብረኦፊስ የድሮውን ሰነድ ያሳያችኋል። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ የድሮ ፎንት የራሱ የመለወጫ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፣ ከተለወጠ በኋላም ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። ለዚህ ሥራ ጡረታ የወጡ መምህራኖቻችንን የሚያክል ሰው አይገኝም።

ወደ መጫኑ እንምጣ። የመጫኛው ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። አንድ ሰው ያውርደውና ለሌላው በፍላሽ ይቅዳለት፤ ሕጋዊ ነው፣ ማንም አይከሳችሁም። ወርዶ ሲያልቅ ግን ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር አስተያዩት፤ በሚቆራረጥ ኢንተርኔት የወረደ ፋይል አይታመንም። ፋይሉን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ብቻውን አይበቃም፤ «ሩፈስ» ወይም «ኤቸር» በሚባል ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ስታስነሱ ኤፍ 12 ወይም ኢስኬፕ ተጫኑ፤ ቁልፉ እንደ ማሽኑ ይለያያል። ከዝርዝሩ ፍላሹን ምረጡ።

የምወድደው ክፍል ይህ ነው፤ ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይሠራል። ዲስካችሁን ሳይነካ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን ሞክሩ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ አካፍሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይይዛል። በነገራችን ላይ ያ ፍላሽ ለሌላም ይጠቅማል። ዊንዶውሱ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፋይል ማውጣት ትችላላችሁ፤ ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን መክፈቻ ቁጥሩ ያስፈልጋል። «ፍላሼ ሁሉ ሾርትከት ሆነ፣ ፋይሌ ጠፋ» ብሎ የሚያለቅስ ተማሪ ሲመጣም ሊኑክስ ላይ ክፈቱለት። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ፋይሉን የሚደብቀው በዊንዶውስ ምልክት ነውና ሊኑክስ ምልክቱን አይቆጥርለትም፤ ፋይሉ እዚያው ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ሁሉ ነገር ከሠራ «ኢንስቶል» በሉ። ጫኚው ከዊንዶውስ ጎን ልቀመጥ ወይስ ዲስኩን በሙሉ ላጥፋ ብሎ ይጠይቃል። ይቺን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ጎን ለጎን ከመረጣችሁ የዲስኩ ክፍል በሚቀነስበት ሰዓት መብራት ከጠፋ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑር።

ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ የሚስተካከለው የጀርባ ሥዕሉ አይደለም፤ አማርኛው ነው። አማርኛ ካልጻፈ ጸሐፊዋም መምህሩም በሳምንቱ ወደ ድሮው ይመለሳሉ፣ ይፈረድባቸዋልም ብዬ አላስብም። በሶፍትዌር ማኔጀሩ ውስጥ «አቢሲኒካ» የሚባለውን ነፃ ፎንትና የአይባስን «ኤም 17 ኤን» ጥቅል ፈልጋችሁ ጫኑ። ከዚያ ከአይባስ ምርጫዎች «አማርኛ ሴራ» የሚለውን ጨምሩ። በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትነኩ «ሰላም» ይወጣል፤ ጥ፣ ጭ፣ ጽና ኝ በትልልቆቹ ፊደላት ናቸው። ከስልክ ኪቦርድ ጋር ስለሚቀራረብ ተማሪዎች በአንድ ቀን ይለምዱታል። ሜኑውን ወደ አማርኛ መቀየር ግን አልመክርም፤ ትርጉሙ ስላልተሟላ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ያደናግራል። ለቋንቋ መምህራን የሚሆን ሥራ እዚህ አለ።

ቀጥሎ «ታይምሺፍት»ን አብሩት። ሲስተሙን በየጊዜው ፎቶ እንደማንሳት ነው፤ አንድ ማሻሻያ ቢያበላሽ ወደ ትናንቱ ትመለሳላችሁ። የራሳችሁን ሰነድ ግን አያስቀምጥምና ባክአፑን አትተዉ።

ለማን እንደማይሆንም ልናገር። የሒሳብ ክፍሉ በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ አትንኩት። አርክቴክቶችም ከአውቶካድ ጋር ይቆዩ። በአንጻሩ አርጂአይኤስን በኪውጂአይኤስ የተካ ብዙ አለ፤ «አር» ሊኑክስ ላይ እንደ ቤቱ ነው፣ ስታታም የሊኑክስ እትም አለው። የፕሪንተሩ ነገር እንደ ሞዴሉ ነው፤ ለዚህ ነው ከፍላሹ ላይ ሞክሩት ያልኩት።

ለላብ ኃላፊዎች አንድ ነገር ልጨምር። 30 ማሽን እያንዳንዱ ማሻሻያውን ለብቻው ቢያወርድ የግቢው ኢንተርኔት አይችለውም። አንዱን አሮጌ ማሽን መርጣችሁ «አፕት ካቸር» የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑበት፤ አንዴ የወረደውን አስቀምጦ ለቀሩት በውስጥ ኔትወርክ ያድላል።

ከምሳ በኋላ መግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ላፕቶፕ ይዘን እንቀመጣለን። መሞከር የሚፈልግ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይዞ ይምጣ፤ በላዩ ላይ ያለውን ግን አስቀድሞ ይገልብጥ፣ ስንጽፍበት ሁሉም ይጠፋል። በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ያላችሁ ደግሞ ፎንቱንም አትርሱ።